የአደይ ለተብርሃን ድንጋይ

ባለቤቴ ብርኽቲ ሰሞኑን አዲስ ጀሪካን ገዛች። አዲስ የምለው ለእኛ ቤት ነው እንጂ ዕድሜውን ዘይት ሲያመላልስ የኖረ ቢጫ ጀሪካን ነው። በአመድ ፈትጋ፣ በሙቅ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ የዘይት ሽታ ግን እንዲህ በዋዛ የሚለቅ ነገር አይደለም። ትናንት ጠዋት ከእሱ የተቀዳ ውሃ ሰጠችኝና ገና አንዴ ጎንጨት እንዳልኩ ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ።

"ምነው? ዝንብ አለበት?" አለችኝ።

"የለበትም።"

"እንግዲያው ጠጣና ሂድ። ቦቴው ሳይመጣ ኪሮስን አናግረው። አንተ ያስተማርከው ልጅ አይደል?"

ኪሮስ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንዷ የሌላዋን ግንባር በጀሪካን ፈነከተቻት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ "ኪሮስ ይውረድ" ይላል፣ ግማሹ "እሱ ከወረደ ቦቴውን ማን ያመጣልናል?" ይላል። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። ከስብሰባው በፊት አንድ ሽማግሌ ይምከረው ተብሎ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ስለተከበርኩ እንዳይመስላችሁ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ጠባዩንም እኔ የሰጠሁት ይመስላቸዋል።

ግን ውሃው ወሰደኝ። ያ የዘይት ጣዕም የጥንቷ ቁሓ ጣዕም ነው። ያኔ ውሃ የምንቀዳው በዘይት ቆርቆሮ ስለነበር የምንጠጣው ሁሉ፣ ሻዩም ጠላውም፣ ይህንኑ ይህንኑ ይል ነበር። ከወልዲያ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ያቅለሸልሸኝ የነበረው ነገር አሁን በስተርጅና ዐይኔን እንባ ሞላው። ቁሓ ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ዛሬ መቐለ እየሰፋች መጥታ ዋጠቻትና ልጆቹ "ቁሓ ሰፈር" ይላሉ፤ እኛ ግን "መቐለ ልንሄድ ነው" ብለን፣ ጫማ ጠርገን፣ ፀጉር አበጥረን ነበር የምንሳፈረው። አውቶቡሱ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሮማናት ወርደን አደባባዩን አንድ ሁለት ጊዜ ከዞርን፣ በዐሥር ሳንቲም ሻይ ከጠጣን፣ በሌላ ዐሥር ሳንቲም ዳቦ ከቆረስን፣ ዓለምን አይተን እንደተመለስን ይሰማን ነበር። እኔ ጎፈሬ፣ ቴትሮን ሸሚዝና መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ነበረኝ። ያ ሱሪ ለቁሓ ነፋስ አልተሰፋም። ነፋሱ ሲነሣ እግሮቼ በየራሳቸው መንገድ ሊሄዱ ይታገሉ ነበር፤ ተማሪዎቼም ይስቁ ነበር።

ቧንቧ በየቤቱ አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። ቦኖው በጠዋት ይከፈታል፣ ሲረፋፍድ ይዘጋል። ሰው ደግሞ ሥራ አለው፤ ቆሞ አያድርም። ስለዚህ ወረፋ የሚይዘው ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንጋይ አለው። ማታ ከቦኖው ጀምሮ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ድንጋይ ተሰልፎ ያድራል፤ ጠዋት ሰው መጥቶ ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል። ከሩቅ ለሚያይ ተራ ጠጠር ነው፤ ለእኛ ግን እንደ ሰው ፊት ነበር የምንለየው። የልብስ ሰፊው የአይተ ሐዱሽ ድንጋይ ሳይሆን የዛገ ካውያ ነበር። አንዷ የተሰበረ መጅ ታስቀምጣለች። የእኔን ቀይ መስመር ያለበትን ድንጋይ የሰጠችኝ አከራዬ ናት። ከእኔ አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ታድር ነበር፤ የብርኽቲ ናት። በየማታው እዚያ ማን ያስቀምጣት እንደነበር ብርኽቲ ልጅ ወልዳልኝ፣ የልጅ ልጅ አሳይታኝ፣ ዛሬም ድረስ አትነግረኝም።

የዚህ ሁሉ አለቃ አደይ ለተብርሃን ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ አደይ፣ እናቴ፣ ይላቸው ነበር። ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አልሾማቸውም። ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሽሩባቸው ሁልጊዜ የተሠራ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። ወንደላጤ ሆኜ ቆርቆሮዬን አንጠልጥዬ ከሴቶቹ መካከል ስገተር ያየ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፤ እሳቸው ግን "መምህር፣ እዚህ ውሃ ብቻ አይደለም የሚቀዳው፤ ትግርኛችንንም ቅዳ፤ እሱ ወረፋ የለውም" አሉኝ። እንደቀዳሁም ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ከአይተ ሐዱሽ ሱቅ ሬዲዮው የክራር ዘፈን ይለቅቃል፣ የስፌት መኪናው ከሥር ይከተለዋል፣ አደይ ለተብርሃን ደግሞ በላዩ ይጮኹበታል፦ "ያ ድንጋይ ማን ነው የገፋው? ድንጋይ እግር አለው እንዴ?"

የእሳቸው ድንጋይ ነጭ፣ አንድ ጎኑ የተጠረበ፣ ቤታቸው ሲሠራ የተረፈ ነበር። ቦታው የወረፋው መጨረሻ ነው። ሁልጊዜ። ማታ ማታ ወጥተው ሰልፉን ያያሉ፤ ከድንጋያቸው ኋላ ሌላ ድንጋይ ካገኙ የራሳቸውን አንሥተው ከዚያ ኋላ ያስቀምጣሉ። እንግዳ መጥቶ ቢጨምር አሁንም ያነሣሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "ወደይ፣ ከፊት ከቆምኩ ኋላዬ ምን እንደሚደረግ በምን ዐይኔ አያለሁ?" ብለው አለፉኝ፤ ወደይ ልጄ ማለታቸው ነው። መልሱ ይህ ብቻ አይመስለኝም፤ ግን ከዚህ በላይ ማብራሪያ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን በመኪና በርሜል ጭኖ መጣ። ስሙንም ዘመኑንም ልተወው፤ ባለሥልጣን በየዘመኑ አለ። ሾፌሩ በርሜሉን አውርዶ ቀጥታ ቧንቧው ሥር ገተረው። እኛ ወንዶቹ መሬት መሬት አየን። አደይ ለተብርሃን ልጃቸውን ኪሮስን፣ ያሁኑን ሰብሳቢ፣ በአንቀልባ አዝለው ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ጥርስ አላበቀለም። ቀስ ብለው ሄዱና "እንኳን ደኅና መጡ ጌታዬ፣ ተራ አለ" አሉት።

"እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ድንጋይዎንም አላየሁትም።" ከዚያ በእጃቸው ወደ ባሕር ዛፉ አመለከቱት። "ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጭ ድንጋይ የእኔ ናት። እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ከእኔ ፊት ይግቡ። እኔ ከኋላዎ እሆናለሁ።"

ሰውየው ድንጋዩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ጀርባቸው ላይ የሚያለቅሰውን ሕፃን አየ። የሚቆጣበት ነገር ቢፈልግ አጣ። በርሜሉ ተንከባልሎ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ ሾፌሩም እስኪረፋፍድ ጥላ ሥር ሲያንቀላፋ ቆየ። ሰፈሩ ይህን ወሬ ለስንት ዓመት አወራው። ሁሉም "አቤት አፏ!" ነው የሚለው። እኔ ግን አፍ ብቻ አልነበረም እላለሁ። አፍ ያለው ሰውማ በየመንገዱ ሞልቶ የለ? ያው አፍ ድንጋዩን ከፊት ካስቀመጠ ሰው ቢወጣ ባለሥልጣኑ በጥፊ ይለው ነበር።

ሁለት ልማዶች ነበሩን፤ አሁን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። አንደኛው፣ ውሃው ለመጨረሻዎቹ ሳይደርስ ከቆመ የቀዳ ሰው ሁሉ ለቀሩት አንድ አንድ ጣሳ ያፈሳል። ስለዚህ አደይ ለተብርሃን መጨረሻ ሆነው ባዶ ሲቀሩ ሰው እየዞረ ቆርቆሯቸው ላይ ጣሳውን ይገለብጥ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከቧንቧ ከቀዳው ሰው የበለጠ ይሞላላቸዋል። ሌላው፣ ሰው ሲሞት ድንጋዩን ራሱ ቤተሰቡ አያነሣውም፤ ጎረቤት ነው የሚያነሣለት። "ድንጋዩ ተነሣ" ከተባለ ሞተ ማለት ነው። አይተ ሐዱሽ የሞቱ ጊዜ ካውያውን ያነሡት አደይ ለተብርሃን ነበሩ። በነጠላቸው ጠቅልለው ለሟቹ ባለቤት ሲሰጡ ወረፋው ሁሉ አለቀሰ፤ ሬዲዮውም ያን ቀን ዝም አለ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ ቧንቧ በየቤቱ ገባ፣ ቦኖው ተዘጋ። አጠገባችን ያለው የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እየሰፋ ሄደ፣ አውሮፕላኖቹም ከአናታችን ላይ እየወረዱ እዚያ ያርፋሉ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ሁላችንም ቀና ብለን እናይ ነበር፣ አሁን ዶሮም አያያቸው። ድንጋዮቹ የትም ተበታተኑ፤ የእኔ የት እንደገባች አላውቅም። የአደይ ለተብርሃን ነጭ ድንጋይ ብቻ ከበራቸው አጠገብ መቀመጫ ሆና ቀረች። ቀጥሎ ያ የጭንቅ ጊዜ መጣ። ስለ እሱ አላወራም፤ ያወራ ሞልቷል። ቧንቧው ያን ጊዜ ደረቀ፤ ጊዜው አለፈ ከተባለ በኋላም አልፎ አልፎ ይሳላል እንጂ ደህና አድርጎ አይፈስም። እነሆ በስተርጅናችን እንደገና ወደ ወረፋ ተመለስን፣ አሁን በቢጫ ጀሪካን።

ያን ጊዜ ነው ኪሮስ ብቅ ያለው። እውነቱን ልናገር፣ ከእናቱ የበለጠ ሠርቷል። እናቱ ያለውን ውሃ ሥርዐት አስያዙ፤ እሱ የሌለውን ውሃ አመጣ። ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ ቦቴ አስፈቀደ፣ ትልቅ ታንከር አስተከለ፣ ታንከሩ የሚቀመጥበትን የድንጋይ መደብ ራሱ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ገነባ። ኮሚቴ ሲቋቋም እጅ ማውጣትም አላስፈለገ፣ "የአደይ ለተብርሃን ልጅ!" ተብሎ በጭብጨባ ተመረጠ። የመጀመሪያው ዓመት ጀሪካኑ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ መጨረሻ ያስቀምጥ ነበር። እኛ ሽማግሌዎቹ ያችን ቀይ ጨርቅ ስናይ አንጀታችን ይርስ ነበር። እኔማ "ያስተማርኩት ልጅ ነው" እያልኩ ሮማናት ድረስ ሄጄ አውርቻለሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መጀመሪያ ከታንከሩ አንድ ቀጭን ጎማ ወደ ግቢው ገባ። እናቱ ዐይናቸው ጠፍቷል፣ ከአልጋ አይወርዱም፣ ለእሳቸው ነው አልን፤ ማን ክፉ ይናገራል? ቀጥሎ አክስቱ ጋ ገባ፤ እሷም አሮጊት ናት አልን። ቀጥሎ ጎማው ወፈረ። ዘንድሮ አማቹ ዋናው መንገድ ላይ ላቫጆ ከፈተ፤ የሰው ጀሪካን በፀሐይ ተሰልፎ እያለ እዚያ ማዶ በታንከሩ ውሃ ሚኒባስ በአረፋ ይታጠባል። ቀይዋን ጨርቅ ካየኋት ቆየሁ። የሚያሳዝነው ቦቴው አለመቅረቱ ነው። ኪሮስ አሁንም ይሮጣል፣ አሁንም ይለምናል፣ አሁንም ያመጣል። ስለ አመራር ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ነገር ሲጎድል ግን ሰው መሰለፍ ተወ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለው ይስቃሉ፣ ከዚያ እነሱም ይጋፋሉ። አለቃው ካልተሰለፈ ማን ይሰለፋል?

ትናንት ስሄድ ኪሮስ ግቢው ውስጥ ጎማውን ሲያስተካክል አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያ ነው የሚያሳቅቀኝ፤ አክባሪ ነው።

"ከመይ ሐዲርኩም መምህረይ! ይግቡ፣ ይግቡ።"

"አልገባም። ኪሮስ ልጄ፣ ለምን እንደመጣሁ ታውቃለህ።"

"ለጎማው ነው።" ፊቱ አልተለወጠም። "ሁሉም ለጎማው ነው የሚመጣው። ቦቴው ሲመጣ ግን አመሰግናለሁ ብሎ የመጣ የለም።"

"የእናትህን ድንጋይ ታስታውሳለህ?"

"እኔ ነኝ የማስታውሰው መምህረይ! እርስዎ ድንጋዩን ከውጭ ነው ያዩት፤ እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እናቱ እንዳይሰሙት ይመስለኛል። "ጣሳ ያፈሱልናል፣ ሐቅ ነው። ጣሳው እስኪመጣ ግን እኛ ልጆቹ ጉሮሯችን ደርቆ በር በር እናያለን። ልብሳችን ሳይታጠብ ትምህርት ቤት የምንመጣው ለምን ይመስልዎት ነበር? ያኔ ነው የማልኩት። ካደግሁ እናቴ መጨረሻ አትጠጣም ብዬ።"

ምን ልበለው? የእናቱን ጥማት ለማጥፋት ብሎ የእናቱን ስም አጠፋ ልበለው? አላልኩትም። "ላቫጆውስ?" አልኩት በመጨረሻ።

ራሱን አከከ። "እሱ… ቤተሰብ ነው መምህረይ። እንዴት እምቢ ይባላል?" አለና ስልኩ ሲጮህ እያነጋገረ ወጣ።

ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ። "መምህር ነህ? ግባ፣ ወደይ።"

አደይ ለተብርሃን አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ትንሽ ሆነዋል። እጃቸውን ሳምኩ፣ ጉልበቴን ዳበሱኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርኽቲ ጠየቁኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ድሮ መጀመሪያ የቆርቆሮ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ፣ ውሃው ኋላ ነው። አሁን ውሃው ግቢዬ ውስጥ ይመጣል፤ የሰው ጀሪካን ሲንጋጋ የምሰማው ከዚያ ኋላ ነው።"

"አደይ…"

"ነገርኩት። ጎማውን አንሣው፣ በእግዜር ይዤሃለሁ አልኩት። 'አደይ ትጠጣለሽ፣ አለቀ' አለኝ፤ ሳመኝ። ልጅ ሲስም ምን ይባላል?" ከአልጋው ሥር በእጃቸው ፈልገው አንዲት ትንሽ ጀሪካን አወጡ። "ይቺን ውሰድና መጨረሻ አስቀምጥልኝ። ሰው ያየኛል። እሱም ያያል።"

ወሰድኩ። ይህቺ ጀሪካን ሁሉን ነገር ትመልሳለች ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ባረጀ ቁጥር ተላላ ይሆናል። ቦቴው መጥቶ ታንከሩ ሞልቶ ነበር። የወረፋው ጭራ ላይ ሄጄ ሳስቀምጣት ከኪሮስ ግቢ ስወጣ ያየችኝ አንዲት ሴት ጮክ ብላ ሳቀች።

"ጎማው አልበቃ አላቸው እንዴ? ከእኛም ሊቀዱ ነው?"

"አደይ ለተብርሃን ናቸው የላኩኝ" አልኩ።

"የሰብሳቢው እናት?" አለ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት። "እያላገጡብን ነው በለኛ!"

የድሮውን ልነግራቸው ጀመርኩ፦ ስለ ነጩ ድንጋይ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጣሳው። የሰማኝ የለም። በዚህ መካከል ከፊት ግፊያ ተነሣ፣ ድምፄም እዚያው ጠፋ። ውሃው ከእሳቸው ጀሪካን ሳይደርስ አለቀ። የቀዱት እየተሸከሙ በአጠገቧ አለፉ፤ አንዱ በእግሩ ገፋ አደረጋት። ከቀዱት መካከል ብርኽቲ ብቻ ጀሪካኗን አውርዳ አንድ ጣሳ ገለበጠችባት። ዙሪያዋን አየች፣ ሌላ የሚያፈስ ካለ ብላ። ከዚያ ተሸክማ ሄደች።

ጀሪካኗን ይዤ ተመለስኩ። አደይ ለተብርሃን ተቀበሉኝና ወዝወዝ አደረጓት። ጆሯቸውን አስጠጉ።

"አንድ ጣሳ ነው" አሉ።

ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"የብርኽቲ ናት።"

"እወ፣ አደይ።"

"ሌሎቹስ?"

ምን እንደምላቸው ፈለግሁ። ቸኩለው ነው ልበል? አላዩም ልበል? ለስንት ዓመት የሠሩት ሥራ በአንድ ጎማ ሄዷል፣ አሁን የእርስዎ ጀሪካን እንኳ የሌባ ትመስላለች ልበላቸው? ጓሮ ውስጥ የጎማው ውሃ በርሜል ሲሞላ ይሰማል። እሳቸውም ይሰማሉ። ከዚያ ጀሪካኗን ደረታቸው ላይ አቀፉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"በል መምህር ወደይ" አሉ። "አንተ ጎረቤት ነህ። ድንጋዬን አንሣልኝ።"

ወጣሁ። ነጩ ድንጋይ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ኪሮስ ተቀምጦበታል። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ፣ በሌላው ላቡን እየጠረገ፣ አንዱን የቢሮ ሰው "እባክህ ወንድሜ፣ ሰዉ ተጠምቷል" እያለ ይለምናል። ተነሥ ልለው አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ጨርሶ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ፤ ልክ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲመልስ ይል እንደነበረው።

"አገኘሁላችሁ መምህረይ! ማክሰኞ ሌላ ቦቴ ይመጣል።"

"እግዚአብሔር ይስጥልን" አልኩት።